የአባባ ኦጁሉ ጀልባና የበርሜሉ ቁጥር

ጋምቤላ «ክልል» የሚለው ስም ገና ለጆሮዋ አዲስ በሆነበት ዘመን፣ አንድ እሑድ አባባ ኦጁሉ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ እግራቸው እንደ ልማዱ ወደ ባሮ ዳር ወሰዳቸው። ሁለት ክረምት ሙሉ ታስራ የቆመችው የብረት ጀልባ እዚያ ናት። ዕድሜያቸውን የፈጁት የእሷን ሞተር ሲጠግኑ ነው። ድሮ ክረምት ገብቶ የኢታንግ መንገድ ሲጨቀይ፣ በሽተኛውም ሙሽራዋም የበቆሎው ጆንያም የሚሄደው በእሷ ነበር። ወይ ደግ ዘመን! አባባ ያን ጊዜ ሲያስቡት አሁንም የሞተሩ ድምፅ ይሰማቸዋል።

ዛሬ ግን ጭንቅ ላይ ናቸው። የከተማው ሹማምንት «እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካልተነሣች ተቆራርጣ ለብረት ትሸጥ» ብለዋል።

ጀልባዋ ላይ ሰው ቆሞ ቢያዩ ፊታቸው ቅጭም አለ። ኛኩዋኒ ነበረች፤ እዚያው ከተማ ኒውላንድ ሰፈር ያደገች የኑዌር ልጅ፣ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ተመርቃ በቅርቡ የተመለሰች። አባባ አኙዋክ ናቸውና የሁለቱ መግባቢያ አማርኛ ነው።

«እንደምን ዋሉ አባባ? ሞተሩን አየሁት፤ ደኅና ነው። ለምን አይነሣም?»

«ዘይት የለውም ልጄ። የእሱ ዘይት በመርከብ ከካርቱም ነበር የሚመጣው። ሱዳን ከታመሰች ወዲህ ቀረ።»

«መጋዘን ውስጥ ከእርዳታ ሠራተኞች የተረፈ በርሜል አለ አይደል?»

አባባ ሳቁ። «እሱንማ አይቼዋለሁ። ይኼ ሞተሩ ላይ ያለው የነሐስ ሰሌዳ የዘይቱ ውፍረት 15 ይሁን ይላል። በርሜሉ ላይ ስንት ተጽፏል? 2160! ይኼ ዘይት ነው ሬንጅ? ባጠጣው ኩሽኔታው ነክሶ ሞተሩን ያቆመዋል። ከዚያ ወዲያ ጀልባ የሚባል የለም።»

እውነቱን ለመናገር ፍርሃታቸው የሞኝ ፍርሃት አልነበረም። የተሳሳተ ዘይት ስንቱን ሞተር ቀብሯል። ጥፋቱ ቁጥሩን አንብበው አጠገቡ ያለውን ጽሑፍ መተዋቸው ላይ ነው።

ኛኩዋኒ ጎንበስ ብላ ሰሌዳውን በጣቷ ጠረገችው። «አባባ፣ ሁለቱም የሚቆጥሩት በሚሊዮንኛ ፓውንድ ሰከንድ ነው። ሰሌዳው ግን በአንድ ካሬ ኢንች ላይ ይላል፤ በርሜሉን ትናንት አንብቤዋለሁ፣ በአንድ ካሬ ጫማ ላይ ነው የሚለው።»

«እኔ የማውቀው ፓውንድ የሱዳን ገንዘብ ነው» አሉ ሊያሾፉባት።

«ይኼኛው የጉልበት መለኪያ ነው፤ ገበያ አይወጣም።»

«እሺ ይሁን። ኢንችና ጫማን ግን ለእኔ አታስተምሪኝም፤ ከመርከበኞች ጋር ነው ያደግሁት። አንድ ጫማ አሥራ ሁለት ኢንች ነው። 2160 ለ12 ሲካፈል 180። 180 ከ15 ጋር ምን አገናኘው?»

«ገመድ ቢሆን ልክ ነበሩ። ዘይት ግን እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል እንጂ እንደ ገመድ አይዘረጋም። እስቲ ልጠይቅዎ፤ ትንሿንና ትልቋን ታንኳ በአንድ ጭቃ ላይ ቢጎትቱ የትኛዋ ትከብዳለች?»

«ትልቋ ናታ!»

«ጭቃው ወፍሮባት ነው?»

«ጭቃውማ ያው ነው። ሆዷ ስለሰፋ ብዙ ጭቃ ይይዛታል።»

«ዘይትም በብረትና በብረት መካከል ገብቶ እንደዚያው ይይዛል። ሰሌዳው የሚናገረው እንደ ትንሿ ታንኳ ስለ ጠባቡ ስፋት፣ ስለ ኢንቹ ነው፤ በርሜሉ እንደ ትልቋ ስለ ሰፊው፣ ስለ ጫማው።»

ኛኩዋኒ ወርዳ አሸዋው ላይ አንድ ጫማ በአንድ ጫማ የሆነ አራት ማዕዘን ሣለች፤ ኢንች በኢንች እየከፈለች መስመር አሰመረችበት። አባባ ወገባቸውን ይዘው ተቀመጡና በአውራ ጣታቸው ቆጠሩ። በአንዱ ረድፍ አሥራ ሁለት፤ ረድፎቹም አሥራ ሁለት።

«መቶ አርባ አራት» አሉ ቀስ ብለው። ሳይነግሯቸው 2160ን ለ144 አሸዋው ላይ ማካፈል ጀመሩ። ሲጨርሱ ቀና አላሉም።

«ስንት ሆነ አባባ?»

«አሥራ አምስት።»

«ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ የተለኩበት ሙቀትም ግን አንድ ነው፤ በሁለቱም ላይ ተጽፏል።»

ሽማግሌው አሸዋው ላይ የጻፉትን በመዳፋቸው አበሱት። «ዘይቱ ከጎኔ ተቀምጦ እኔ ካርቱምን እጠብቃለሁ! አምና የልጄ የአኬሎ ሠርግ ኢታንግ ነበር፤ ጎርፉ መንገዱን ቆርጦት ቀረሁ። አባቷ ሳይመርቃት ተዳረች።»

«የሚያስረዳ አላገኙም አባባ» አለች ኛኩዋኒ። «ቁጥር ብቻውን ግማሽ ቃል ነው። ሌላውን ግማሽ መጠየቅ ነውር የለውም።»

ሰኞ ጠዋት ዘይቱን ራሳቸው አባባ ሞሉት። ሞተሩ አስሎ ጠፋ፣ ደግሞ አስሎ ጠፋ፣ በሦስተኛው ተነሣ። አባባ በሰው ፊት አለቀሱ፤ አላፈሩም። ሹማምንቱም የሽያጩን ነገር ሁለተኛ አላነሡም። ከዚያ ክረምት ጀምሮ የኢታንግ በሽተኛ ጎርፍ እስኪጎድል መጠበቅ ቀረለት። አባባ ኦጁሉም አመል አወጡ፤ ገበያ ውስጥ አንዱ «ሃያ» ካለ «ሃያ ምን? በምን ላይ?» ብለው ያፋጥጡታል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው፤ ጠይቆ የሚለካ ሰው እጁ ላይ ያለውን ሩቅ አገር አይፈልግም።

የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ኢታንግ ነበር። አባባ መሪውን ይዘው የወንዙን ዳር ሲያዩ ቆዩና ወደ ኛኩዋኒ ዞሩ።

«የድሮው ጊዜ ጥሩ ነበር ልጄ። መርከቡ፣ ሰዉ፣ ጨዋታው፤ ሁሉ ይናፍቀኛል።»

«አውቃለሁ አባባ።»

«አንቺ ግን አምና መጥተሽ ቢሆን ኖሮ» አሉ፤ «ልጄን እመርቃት ነበር።»