አባቴ ለብሎጌ ያስጻፉኝ አስተያየት

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ አሁንም እያፈርኩ ነው። ደብረ ታቦር ቢሮ እየሠራሁ በጎን በወንድ ስም የምጽፍበት ብሎግ አለኝ። ገጹን የሠራሁትም፣ ሲበላሽ የማስተካክለውም እኔው ነኝ። ሐሙሲት አባቴን ልጠይቅ ስሄድ ገና ሳልቀመጥ ስልካቸውን ዘረጉልኝ። ብሎጌ ተከፍቷል። «ይኸን ልጅ አንብበሽዋል? እናቱን ወንዛዬ ፍል ውኃ ስለወሰዱበት ጊዜ የጻፈውን እይ! ልክ እኔ እናትሽን እንደወሰድኳት!» አሉኝ። ያኔ የእናቴን እጅ ይዤ አብሬያቸው ነበርኩ። «በይ እኔ ልናገር፣ አንቺ ጻፊለት። ‹ልጄ፣ እጅህ ይባረክ። እኔ ወንድ ልጅ አልሰጠኝም፤ ቢሰጠኝ እንዳንተ ያለውን ነበር የምመኘው› በይው።»

«እኔ ነኝ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ያሉትን ጽፌ ላክሁት፤ «አስተያየትዎ ፈቃድ ይጠብቃል» የሚል መጣ።

«የማንን ፈቃድ?» አሉ።

«የባለቤቱን፣ አባባ።»

«ይፍቀዳ! ከልቤ ነው ያልኩት።»

ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ስልኬን አውጥቼ ፈቀድኩት። ከሥሩም በዚያው በወንዱ ስም «አመሰግናለሁ አባቴ» ብዬ መለስኩላቸው። ብዙም ሳይቆዩ ደወሉ። እንዲህ ሲደሰቱ ሰምቻቸው አላውቅም።

«መለሰልኝ እኮ! አባቴ አለኝ!»

ሰው እንዳያየኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩና «እንኳን ደስ ያለዎት» አልኳቸው።