ጋሽ ነካ ነካ እና ዝንብ የምታክል ጭረት

ሊፍቱ ባይበላሽ ኖሮ የውሃ ላቦራቶሪው አዲሷ ቴክኒሻንና ጋሽ ነካ ነካ ደረጃ ላይ ባልተፋጠጡ ነበር። ጋሽ ነካ ነካ የተባሉት ኪቦርድ በሁለት ጣት ስለሚመቱ ነው፤ ሆኖም የላቦራቶሪውን ኮምፒውተሮች ሃያ ሁለት ዓመት ቀጥ አድርገው የያዙት እነዚያው ሁለት ጣቶች የጻፏቸው ስክሪፕቶች፣ ማሽኑ በየቀኑ የሚፈጽማቸው የትእዛዝ ጽሑፎች፣ ናቸው። አርብ ጡረታ ይወጣሉ። አለቃው ደግሞ፣ አፉ መቼ አርፎ፣ "ልጅቷ ስክሪፕቶቹን አንብባ ካልተረከበች ሁሉንም ጥዬ አዲስ ሲስተም አስገባለሁ" ብሎ ዝቷል።

"ጋሼ፣ ጉድ ሆኛለሁ!" አለች ልጅቷ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። "የየዕለቱ ውጤት በቀኑ በሚጠራ ፎልደር መግባት ነበረበት አይደል? የዘጠኝ ቀኑ በሙሉ 'ዴት' በሚባል አንድ ፎልደር ገብቶ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተጽፎ፣ የቀረው የትናንቱ ብቻ ነው። ደግነቱ ውጤቱ በወረቀት አለ።"

"ምን ነካካሽ?"

"ከሰጡኝ ወረቀት አንድ መስመር ገለበጥኩ።"

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የገለበጠችውን መስመር አዩት። ለማሽኑ "ዴት" ማለት "ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?" ማለት ነው፤ ግን ወደ ግራ ዘንበል ያለች ጭረት በዚህም በዚያም ካልከበበችው ጥያቄ መሆኑን አያውቅም። ልጅቷ የከበበችው በነጠላ ጥቅስ ነው። ማሽኑም ምን ቸገረው፣ ቃሉን እንዳለ ለፎልደሩ ስም አድርጎ አወጣው።

"አይን የለሽም? ይቺ እኮ ዘንበል ያለች ናት!"

"ጋሼ፣ ዝንብ ያረፈችበት ነው የሚመስለው። ለምን በዶላር ምልክትና በቅንፍ አይጽፉትም? ዶላር፣ ቅንፍ ክፈት፣ ትእዛዙ፣ ቅንፍ ዝጋ። በቃ። ከምንም ጋር አይምታታም።"

"ፋሽን! የኔው ሃያ ሁለት ዓመት ሰርቷል። ደግሞ የድሮዋ ማሽን ቅንፍ አታውቅም።"

"የድሮዋ ማሽን የመጋዘኑን በር ደግፋ ነው ያለችው። ማን ይጠይቃታል?"

ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ሳል አደረጉት።

"እሺ ይሄስ?" ብላ ሌላ መስመር አሳየቻቸው። ትእዛዝ በትእዛዝ ውስጥ፣ በዚያ ውስጥ ደግሞ ሌላ፤ ጭረቶቹ እንዳይጋጩ የተጨመሩት ሰያፍ መስመሮች ማበጠሪያ መስለዋል። "የቱ ይከፍታል? የቱ ይዘጋል? ያንብቡልኝና ልረከብ።"

በጣታቸው እየተከተሉ ጀመሩ። መሃል ላይ ቆሙ። ተመለሱ። እንደገና ቆሙ። የጻፉት እኮ ራሳቸው ናቸው!

"ለኔም ካልተነበበኝማ" አሉ ቀስ ብለው፣ "አለቃው ቢጥለው ምን ልለው ነው?"

"ቅንፍ ግን አንዱ ባንዱ ሆድ ይገባል፤ ከፋችና ዘጊውም በመልክ ይለያሉ። ሁሉንም ባንዴ ልቀይራቸው?"

"ቆይ እንጂ፣ ቀበጥ! እነዚያ ሰያፎች በጭረት ውስጥና በቅንፍ ውስጥ ጠባያቸው አንድ አይደለም። በጅምላ ከቀየርሽ ሌላ ጉድ ታመጪያለሽ። አንድ በአንድ አንብበን፣ ቀይረን፣ ሞክረን ነው።"

ሶስት ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠው አርባ አንድ መስመር ቀየሩ። ቢሮው "ሽማግሌው ትምህርት ቤት ገቡ" እያለ ሲያማ ሰነበተ። ይማ። ከጥቅስ ጋር የምትምታታው ጭረት ቀረች፤ ትእዛዝ በትእዛዝ ውስጥ ቢገባም ያለ ማበጠሪያ ይነበባል፤ ያልተዘጋ ቅንፍ ካለ አይን ውስጥ ይገባል፤ ነገ የሚመጣ ሰውም ማንንም ሳይለማመጥ ይረዳዋል።

አርብ ዕለት አለቃው ደስ ያለውን መስመር መርጦ ልጅቷን አስነበባት። ሳትደናቀፍ ተወጣችው።

"እንግዲያው ስክሪፕቶቹ ይቆዩ" አለ።

ጋሽ ነካ ነካ ኮታቸውን ለብሰው "ግራ ከገባሽ ብዬ ነው፣ ስልኬን ልጻፍልሽ" አሏት።

"ለወሬ ከሆነ ይጻፉልኝ፣ ጋሼ። ለስራ ግን አልደውልም።"

ኮርተው ይሁን ከፍቷቸው ሳይታወቅ፣ ቁጥሩን ጎላ ጎላ አድርገው ጻፉላት።