የተረፈው ኪኒን

ልደታ ላይ ታክሲ የተሳፈረው ወጣት አንድ እሽግ ኪኒን እያገላበጠ ያያል። አጠገቡ ጥቁር በጥቁር የለበሱ እናት ተቀምጠዋል። እኔ ከኋላቸው ነኝ።

"የምን መድኃኒት ነው ልጄ?" አሉት።

"የወባ መከላከያ ነው። ለመንገድ ሥራ ጋምቤላ ጫካ ልገባ ነው።"

"ታዲያ ምን ያስተክዝሃል?"

"ልጀምረው ወይስ ልተወው እያልኩ ነው። ሆድ ይረብሻል አሉኝ። ጓደኞቼ ደግሞ አረቄ ከጠጣህ ይበቃሃል ይላሉ።"

"አረቄ የሚጠጣውንም ወባ ይገድለዋል። ዋጠው።"

"ያውቁታል እንዴ?"

"የኔው ልጅ መተማ ሲሠራ አንድ ቀን አላስታጎለም። ደህና ሆኖ ቤቱ ገባ።"

"እንግዲያው ይሠራል ማለት ነው።"

"ከተመለስክ በኋላስ? አንድ ወር ቀጥል አላሉህም?"

"ብለውኛል። ግን እማማ፣ አዲስ አበባ ምን ወባ አለ?"

"እኛም እንደዚያው ነው ያልነው። ትኩሳት ሲጀምረው ብርድ ነው ብለን ፌጦ አጠጣነው።"

ወጣቱ እሽጉን ማገላበጥ ተወ።

"ኪኒኑን ረስቶት ነው?"

"አልረሳም። ሆዱን እያመመው እህል አልቀምስ አለ። አሁንማ አገርህ ገብተሃል፣ ይብቃህ ብዬ የተረፈውን ከእጁ የወሰድኩት እኔ ነኝ።"

"ከዚያስ?"

"የተረፈው አሁንም ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለ። መጣሉ አልሆነልኝም።"

አብነት ስንደርስ "ወራጅ አለ" ሳልል መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ።