ኮረሪማ የገባበት የስዊድን ዳቦ

ስዊድናዊት አያቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ነርስ ሆና አዲስ አበባ መጥታ፣ አበሻ አግብታ እዚያው አርጅታ ነው የሞተችው። እዚህ ካምፓላ ሬስቶራንቴ በኮሮና ሲዘጋ፣ እሷ ያስተማረችኝን ጥቅልል ጣፋጭ ዳቦ እየጋገርኩ በቦዳ ሞተር ሳይክል ለየቤቱ መላክ ጀመርኩ። «እውነተኛ የስዊድን ዳቦ» እያልኩ ነበር የምሸጠው፤ ማን ሊከራከረኝ! አንድ ቀን ታዲያ ሙንዮንዮ ሰፈር የሚኖሩ በዕድሜ የገፉ ስዊድናዊት ራሳቸው እቤቴ ድረስ መጡ። በር ላይ እንደቆሙ አንዱን ገመጡና «ይጣፍጣል፤ ግን የእኛ አይደለም» አሉኝ። ደሜ ፈላ። «ያስተማረችኝ አያቴ ናት፤ የእርስዎ አገር ሰው!» አልኳቸው። «ምን ጨመርሽበት?» አሉ። ኮረሪማውን አምጥቼ እንዲያሸቱት ሰጠኋቸው። «እኛ የምንጨምረው ሄል ነው። ምስኪን፣ እናንተ አገር ሄል ብታጣ ይሆናል በዚህ የተካችው» ብለው ከልባቸው አዘኑላት።

እኔም አብሬያቸው ላዝን ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እቤታችን ሄል ጠፍቶ አያውቅም። ሻይ ባፈላች ቁጥር የምትጨምረው እሱን ነበር፤ ዕቃው ራሱ የሚቀመጠው ከኮረሪማው አጠገብ ነበር፤ ለዳቦው ግን የምታነሳው ኮረሪማውን ነው። ልጅ ሆኜ፣ ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ «አገርሽ አይናፍቅሽም?» እያለ ይጠይቃት ነበር። እሷ ፈገግ ትልና ከዚያ ዳቦ ቆርሳ ታጎርሰዋለች። ጥያቄውን የምትሸሽ ይመስለኝ ነበር። ለካ መልሱን ነበር የምታጎርሳቸው።