ቀላል የተባለው ጉበት

ወደ ቅርብ ክትትል ክፍል ስገባ ሽማግሌው ሐኪም የታካሚው እህት መሰልኳቸው።

"ነይ ልጄ፣ አትፍሪ" አሉኝ ትከሻዬን ዳበስ አድርገው። "ወንድምሽ ደህና ነው። ሆዱ ላይ ትንሽ ተመትቷል፤ ቀላል ነው። ትንሽ ቀን ተኝቶ ይነሣል።"

ወዲያው ማረም ነበረብኝ። ግን እንዲህ በለሰለሰ ድምፅ የሚናገርን ሰው ማቋረጥ አይሆንልኝም። እስኪጨርሱ ጠበቅኩ።

"ይቅርታ ዶክተር፣ እህቱ አይደለሁም። የጉዳት መዝጋቢዋ ነኝ።"

እጃቸውን ከትከሻዬ አነሡ። ድምፃቸውም ተለወጠ።

"እንግዲያው ስሚ። የሞተር ብስክሌቱ መሪ ከጎድን አጥንቱ ሥር መትቶት ጉበቱ በጥልቀት ተሰንጥቋል። ደሙ ለጊዜው ቆሟል። ዛሬ መልሶ ከፈሰሰ ግን በሩጫ ቀዶ ጥገና ነው።"

ከአልጋው ግርጌ የተሰቀለውን ካርድ አየሁ። በራሳቸው እጅ ጽሕፈት "የሆድ ጉዳት፣ ቀላል" ይላል።

የኔ ሥራ ሐኪሙ የጻፈውን አንብቦ የትኛው የሰውነት ክፍል ምን ያህል እንደተጎዳ በቁጥር ማስቀመጥ ነው። ቁጥሩ ከአንድ እስከ ስድስት ነው፤ አንድ ማለት ጭረት ነው፤ ስድስት ላይ ሐኪም እጁን ያጣጥፋል። በሆስፒታላችን ተረኛ ሲቀያየር ማን በዚህ ክፍል እንደሚቆይ የሚወሰነው ያ ቁጥር ታይቶ ነው። የዚያን ዕለት ደግሞ ከቀዶ ጥገና የወጣች ሴት አልጋ እየጠበቀች ነበር። አንድ ሰው መውጣት አለበት። ኃላፊዋ ነርስ ባለጎማውን አልጋ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

ሐኪሙን ሠራተኛው ሁሉ በሌሉበት "አባ አይዞህ" ይላቸዋል። በፊታቸው ጋሼ ዶክተር ናቸው።

"ጋሼ፣ የነገሩኝና የጻፉት አልተገናኘም" አልኩ። "እኔ የተጻፈውን እንጂ የሰማሁትን መመዝገብ አልችልም። ይህ አንድ ነው የሚሆነው፤ የነገሩኝ ግን አራት ነው።"

"አንድ በይዋ። ምን ቸገረሽ?"

"አንድ ካልኩ አሁኑኑ ወደ ጠቅላላው ክፍል ይወርዳል።"

"አይወርድም። ይሄ አልጋ እንዳይነካ ብዬ ለነርሷ ነግሬያለሁ።"

"ለጠዋቷ ይሆናላ፣ ጋሼ" አለች ኃላፊዋ ከበሩ። "እሷ ወጥታለች። ለኔ የነገረኝ ካርዱ ነው።"

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በጋዋናቸው ጠረጉ።

"አንቺ ከመጽሐፍ ነው የመጣሽው፣ ልጄ። ካርዱን የሚያነበው ሐኪም ብቻ መሰለሽ? እናት ታነበዋለች። አንድ ጊዜ 'ከባድ' ብዬ ጻፍኩ። አባትየው አነበበና እዚሁ ግርጌ ተዘረጋ። ለአንድ በሽተኛ ሁለት አልጋ ያዝኩ። ከዚያ ወዲህ ክፉ ቃል በእጄ አልጽፍም። እዚህ ይቀመጣል።" ግንባራቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።

"እርስዎ ቤትዎ ሲገቡስ፣ እሱ ግንባር የት ነው የሚያድረው?"

ነርሷ ሳቋን በሳል ሸፈነችው። የኔ ጆሮ ጋለ። ጋሼ አልተቆጡም፤ አለመቆጣታቸው ይብስ አስጨነቀኝ።

"ስልክ አለኝ። ይደውሉልኛል።"

"ለቀላል ጉዳት ማን ይደውላል? በመዝገባችን ላይ በቀላል ጉዳት የሞቱ ሰዎች አሉ፣ ጋሼ። ጭረት ሰው አይገድልም። ልኩ ሳይጻፍላቸው ቀርቶ ነው። አሟሟታቸው ሲጣራ ደግሞ ተረኛዋ ነርስ ናት 'ቀላሉን እንዴት ገደልሽው' የምትባለው።"

ነርሷ አሁን አልሳቀችም። "ልውሰደው ወይስ ልተወው? ሴትዮዋ ኮሪደር ላይ ናት" አለች።

"በአንድና በአራት መሀል ያለው ልዩነት ሦስት ነው" አሉ ጋሼ። "ለሦስት ነው ይሄ ሁሉ ክርክር?"

"የጉዳቱ ጠቅላላ ክብደት ሲሰላ ቁጥሩ በራሱ ይባዛል። አንድ ያው አንድ ነው። አራት አሥራ ስድስት ይሆናል።"

መልስ ከመስጠታቸው በፊት የታካሚው ልጅ እናት ፔርሙዝ ይዘው ገቡ። ፊታቸው ፈክቷል።

"ካርዱ ቀላል ይላል፤ ተመስገን ነው" አሉ። "እህቱንም አትድከሚ፣ አትምጪ ብያታለሁ።" ክዳኑን ከፍተው ሾርባ በማንኪያ ቀዱ።

ማንኪያው ወደ ልጁ አፍ ሲጠጋ ጋሼ በዚያ ዕድሜያቸው ዘለው የእናቲቱን እጅ ያዙ። ሾርባው አንሶላው ላይ ፈሰሰ።

"አይብላ።"

"ምነው? ቀላል አይደል እንዴ?"

 ጋሼ ይህንንም ለጠዋቷ ነርስ በቃል ብቻ ነግረዋት ነበር።

"ዶክተር" አሉ እናቲቱ ቀስ ብለው፣ "ፊትዎ ካርዱን አይመስልም።"

"ጉበቱ ክፉኛ ተሰንጥቋል፣ እትዬ። ቀዶ ጥገና ሊያስፈልገው ይችላል፤ ሆዱ ባዶ መሆን አለበት። እንዳይደነግጡ ብዬ ነው።"

እናቲቱ ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። ማንኪያውን አልለቀቁም።

"የሚወድ ያስለቅሳል ሲባል አልሰሙም?" አሉ በመጨረሻ። "እኔ ደንግጬ ብወድቅ ነርስ ታነሣኛለች። በገዛ እጄ አብልቼው ቢሞትብኝ ግን ማን ያነሣኛል?"

ልጁ ዐይኑን ሳይገልጥ ተናገረ። "እኔስ ቀላል ሲሉ፣ ታዲያ ለምን ይሄን ያህል ያመኛል እያልኩ በራሴ ሳፍር ነበር።"

ጋሼ ካርዱን ከግርጌው አነሡ። "ቀላል" የሚለውን ሰርዘው "ጉበት፣ ጥልቅ ስንጥቅ፣ ከባድ። አይብላ፣ አይጠጣ። ደም ይዘጋጅለት" ብለው ጻፉ። ከዚያ ሰጡኝ።

"በይ ቁጥርሽን ጻፊ። አባ አይዞህ እያላችሁ እንደምታሙኝ አውቃለሁ። አይዞህ ማለቱንም አልተውም። በአፌ ነው እንጂ ከእንግዲህ በእስክሪብቶ አልልም።"

አራት ብዬ ጻፍኩ። ነርሷ ባለጎማውን አልጋ ጥግ ወዳለው ሌላ ታካሚ ገፋች፤ እዚያ የተኛው ሰውዬ በማግስቱ ሊወጣ የታሰበ ስለነበር ቦታውን ለሴትዮዋ ለቀቀ።

ክፉ ወሬን ማለዘብ ያደግንበት ነገር ነው፤ ደግነትም አለበት። ነገር ግን ቃል ለሚሰማው ሰው ሊለዝብ ቢችልም፣ ለሚሠራበት ሰው በልኩ መሆን አለበት። ጋሼ ሁለቱን በአንድ ካርድ ላይ አንድ አድርገዋቸው ነበር። ዛሬ ካርዶቹ ከአልጋ ግርጌ ተነሥተው ነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፤ ቤተሰብ ደግሞ ወንበር ተሰጥቶት ከሐኪሙ አፍ ይሰማል። የሚደነግጥ ሰው አልጠፋም፤ የሚደነግጠው ግን ደጋፊ አጠገቡ ሆኖ ነው።

የዚያኑ ዕለት ጀንበር ስትጠልቅ የልጁ የደም ግፊት ወረደ። ተረኛዋ ሐኪም ካርዱን አንብባ ስለነበር ማንንም ሳትጠብቅ ቀዶ ጥገና ክፍል አስገባችው። ተረፈ። በማግስቱ እህቱ መጣች፤ ጋሼ ዶክተርም አስቀምጠው አንድም ሳያስቀሩ ነገሯት።