ለፋብሪካ የተላከ ሽማግሌ

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ በግ ሲታረድ ከሥጋው በፊት ሌጦው ነበር የሚታሰበው። በቢላ አይነካም፣ በጡጫ እየተገፋ ነው የሚገፈፈው፣ እና አንዲት ቀዳዳ ከተገኘችበት አራጁ ዓመቱን ሙሉ ሲሰደብ ይከርማል። እኔ መቼም የዲማ አገር ብራና ፋቂ ነኝ፣ አባቴም ፋቂ ነበር፤ ፍየሉን በቁሙ አይቼ ቆዳው ለዳዊት ይሆን እንደሁ እነግርሻለሁ። ታዲያ የፍየሉን ነገር ተይው፤ የበጉን ሌጦ የቁይ ከተማ ነጋዴ ይገዛል፣ እና ባልቴቶቹ በፋሲካ ማግስት ሌጧቸውን ሸጠው ጨውና ሳሙናቸውን ይገዛሉ። እንዲህ ሆኖ ነው የኖርነው።

ታዲያ አንዱን ፋሲካ፣ በማግስቱ ቁይ ብወጣ፣ ምን አየሁ ትያለሽ? ሌጦ ቦይ ውስጥ ተጥሏል። አንድ ሁለት እንዳይመስልሽ፣ ቦዩን ሞልቶታል፣ ውሻ ይጎትተዋል። እኔ አንዲት ቆዳ ስወጥርና ስፍቅ ስንት ቀን የማድር ሰው፣ ቆሜ ቀረሁ፣ አማተብኩ። ነጋዴውን ምን መዓት ነው ብለው፣ ፋብሪካው አልቀበልም አለ አለኝ። የት ያለው ፋብሪካ? «ሞጆ ነዋ፣ ከአዲስ አበባም ወዲያ። መራጭ አላቸው፣ የዚህን አገር ሌጦ እያነሣ ይጥለዋል። ሦስቴ ጫንኩ፣ ሦስቴ ወደቀብኝ» አለና መጋዘኑን ቆልፎ ሄደ።

እና እኛ ምን አልን መሰለሽ? ፋብሪካው ተቀይሞናል አልን። ትስቂያለሽ፣ ሳቂ። እኛ የምናውቀው የሰው ነገር ነው፤ አንዱ የታመመ በግ ሌጦ ከጤነኛው ቀላቅሎ ሸጦለት ይሆናል፣ ስለዚህ ተቀይሟል፣ ስለዚህ ሽማግሌ ይላክ ተባለ። ማን ይሂድ ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ይታይሽ የምትባል ልጅ አለችኝ፣ እሷ ሞጆ ፋብሪካ ገብታለች፣ ታስገባዋለች አሉ። ምን እንደምትሠራ ጠይቄያት እንኳ አላውቅ፣ ጠራጊ ትመስለኝ ነበር። ባልቴቶቹ እስከ መንገዱ ሸኙኝ፣ እና «አደራ፣ ምሕረቱን ይዘህልን ና» አሉኝ።

ታዲያ ነጭ ጋቢዬን ለብሼ፣ ከሉማሜ አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ዓባይን ወርጄ ወጥቼ፣ አዲስ አበባ አድሬ ሄድኩ። ከአዲስ አበባ ስንወጣ ዓይኔን ማመን አቃተኝ፣ ልጄ። ፋብሪካ ነው፣ ቀጥሎ ፋብሪካ ነው፣ ደግሞ ፋብሪካ ነው። አጠገቤ የተቀመጠውን ሰውዬ ይኼ የምን ነው እለዋለሁ፣ የብረት ይለኛል፤ ያስ እለዋለሁ፣ የዘይት ይለኛል፤ ወዲያ ያለውስ ስለው፣ የዱቄት አለኝ። ጠይቄ ጠይቄ አፈርኩ። እኛ ዘንድ ጢስ ከታየ ወይ ምድጃ ነው ወይ ቤት ተቃጥሏል። የአገሩ ጢስ ሁሉ ለካ እዚህ ተሰብስቦ ኖሯል! ስንዴያችን እዚህ፣ ኑጋችን እዚህ፣ ሌጧችን እዚህ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ደነገጥኩ።

በሩ ላይ ዘበኛው ማንን ፈልገው ነው አለኝ። ፋብሪካውን አልኩት። ለምን ጉዳይ? ለእርቅ አልኩት። አፉን ከፍቶ አየኝ፣ ደግነቱ አልሳቀብኝም። የልጄን ስም ስጠራ ግን ከወንበሩ ተነሣ፣ «የይታይሽ አባት ነዎት?» አለና እጄን ይዞ አስገባኝ።

ሌጦ እንደ ጭድ ተከምሯል። ከመሐል ልጄ ቆማለች፤ ሁለት ጎረምሶች እየዘረጉ ያቀርቡላታል፣ እሷ መዳፏን አንድ ጊዜ ታሳልፍበትና «ይግባ»፣ «ይውደቅ» ትላለች። አታየውም እኮ፣ በእጇ ነው። እና ያንን እጅ አወቅሁት። ብራና ስወጥር ገመዱን ትይዝልኝ ነበር፣ መዳፏን ይዤ ይኼ ይሳሳል፣ ይኼ ይበሳል እያልኩ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ወደ ወደቀው ክምር ዞር ስል ደግሞ ጸጉሩን አየሁት፤ ረጅም ነው፣ የጮቄ ተራራ በግ ነው፣ የእኛ ነው።

«ይታይሽ፣ ማነው ይኼን የጣለው?» አልኳት።

«እኔ ነኝ፣ አባዬ» አለች።

እኔ ለምሕረት የተላክሁት ወደ ልጄ ኖሯል? ሽማግሌነቱን ረሳሁትና ጮህኩባት፤ ያሳደገሽን ሰው ሌጦ ስትጥይ እንዴት አስቻለሽ አልኳት። አንዱን አንስታ እጄ ላይ አኖረችው። ስዳስሰው ጸጉሩ ተነቅሎ በእጄ ቀረ፣ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ቁይ ሳምንት ይከርማል፣ ሉማሜ መኪናው እስኪሞላ ሌላ ሳምንት ይከርማል፣ ጨውም አይበቃው፣ እዚህ ሲደርስ እንዲህ ነው አለችኝ። የቅርቡ አገር ግን በታረደ በማግስቱ ያስገባል። ታዲያ ፋብሪካውን ለምን እኛ ዘንድ አይሠሩትም ብላት፣ ወደቡ ይርቃል፣ መብራቱ ይጠፋል ይላሉ አለችኝ፤ ደግሞም አንዱ ካለበት ነው ሌላው የሚመጣው አለችኝ።

ልጄን ለምኛት አላውቅም፣ የዚያን ቀን ለመንኳት። ለባልቴቶቹ ስትይ ጥቂቱን እንኳ አሳልፊው አልኳት።

«አባዬ፣ እርስዎ ቢሆኑ ይኼን ለዳዊት ይፍቁታል?» አለችኝ።

ታዲያ ምን ልበል? አልፍቀውም። እንደማልፍቀውም ታውቃለች።

እና ባዶ እጄን አገሬ ገባሁ። ለሰዉ፣ ፋብሪካው ቂም የለውም፣ የሚጥለን መንገዱ ነው አልኳቸው። ውሸት አይደለም። የልጄን ስም ግን አላነሣሁም፣ እንዴት ብዬ? ይኸው ሦስት ፋሲካ አለፈ፣ ለሰው ስናገር ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። አንቺም እዚያው ቁይ የምታስተምሪ ነሽ፣ አደራ፣ እንዳይሰሙ።

— አባባ፣ ቁይ እኮ የማያውቅ ሰው የለም። ነጋዴው ያኔውኑ ከፋብሪካው ሰምቶ ነግሯቸዋል።

— እ? ታዲያ ገበያ ባገኙኝ ቁጥር «ይታይሽ ደህና ናት ወይ?» የሚሉኝ እያወቁ ነው? ባልቴቶቹም?

— ባልቴቶቹም፣ አባባ።