የጋሼ ክርክር

ጡረታ የወጣችው ነርስ ወደ ጎልማሶች ትምህርት ስትጣደፍ ጫማ ሰፊው ደጃፍ ላይ ታላቅ ወንድሟን አገኘቻቸው። ጋሼ መኪና መንዳት ሲያስተምሩ የኖሩ፣ አሁንም እግረኛውን ሁሉ «ቀኝህን ያዝ» የሚሉ ሰው ናቸው። ያሳደጓት እሳቸው ስለሆኑ አንቱ ትላቸዋለች። ያን ሰዓት ስለ አንድ ተረከዝ ሲሟገቱ ጫማ ሰፊው አንገቱን ደፍቶ መዶሻውን ብቻ ያሰማል።

እሷን አንጀቷን ያሳረራት ግን ሌላ ነው። ሴት ልጃቸው የባንክ ሥራዋን ትታ አናጺ ብትሆን «እግርሽ ቤቴ እንዳይደርስ» አሏት፤ እሷም ቃላቸውን አክብራ ቀረች። ከዚያ ወለደች፤ ሕፃኑ መዳህ ጀምሯል፤ አያትየው ግን ዓይኑን አላዩትም። «መጥታ ይቅርታ ትጠይቅ» ይላሉ እሳቸው። «አትምጪ ያለኝ አባባ ነው» ትላለች ልጅቱ። የሁለቱን ኩርፊያ ስታመላልስ የከረመችው ነርስ ስንቴ መከረቻቸው፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

«ወዴት ነው ጥድፊያው?» አሏት።

«ወደ ክፍል ነው ጋሼ። ዛሬ ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ማክሰኞ ደግሞ ታሪክ።»

«ካረጁ አይበጁ! በዚህ ዕድሜሽ ተምረሽ ማን ሊቀጥርሽ ነው?»

«ማንም። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቁስል ሳጥብ ኖሬ የሰው ልብ ገና አሁን እየገባኝ ነው።»

«ያለፈ ታሪክና ልብ ወለድ ምን ይፈይዳል? እኔ ሳስተምር የኖርኩት ሰው ፊት ፊቱን እንዲያይ ነው።»

«የኋላ መመልከቻ መስታወቱንስ ለጌጥ ነበር የሚሰቅሉት?»

ጋሼ መረታት አይወዱም። እየተሟገቱ ትምህርት ቤቱ ድረስ ተከተሏት፤ ክርክሩ ስላላለቀ ክፍል ውስጥም ገቡ። እህትየዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ተመኘች።

ወጣቷ መምህርት ከአባቱ ወፍጮ ቤት ወጥቶ ሰዓት ጠጋኝ በመሆኑ አባቱ ረግሞ ስላባረረው ልጅ የተጻፈ ልብ ወለድ አነበበች፤ አባትየው «ልጄ ጥሎኝ ቀረ» እያለ ብቻውን ያረጃል። ዳቦ ጋጋሪውም፣ ልብስ ሰፊዋም፣ ሁሉም ለአባትየው አዘኑ። ጋሼ ሰው ሁሉ የተስማማበት ነገር መቼም አይጥማቸውምና ተነሡ።

«ምኑን ነው የምታዝኑለት? ልጁ አልሰረቀ፣ አልዋሸ፣ ሰዓት ጠገነ። አባትየው በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ ሲያበቃ፣ ደጅ የቆመውን ለምን አትገባም ይለዋል?»

ነርሷ ቀና ብላ ልታያቸው ፈራች። መምህርቷ ግን ምንም የምታውቀው ነገር የለምና ተከራካሪን ሁሉ እንደምታደርገው ወገን እንዲቀይሩ ጠየቀቻቸው። «በጣም ጥሩ፣ አባቴ። እስቲ አሁን ደግሞ ለአባትየው ይከራከሩለት።»

ጋሼ ወንበሩን በእጃቸው ፈለጉ።

«ለሱ የምለው የለኝም» ብለው ተቀመጡ።

ዘመድና አስታራቂ ተሰብስቦ ያላነቃነቀውን ሰው፣ በሕይወት ኖሮ የማያውቅ ወፍጮኛ አነቃነቀው። የራሳችንን ጉድ ሲነግሩን ጆሯችን ይደፈናል፤ የሌላ ሰው ሆኖ ሲነበብልን ግን ፍርዱን እኛው እንሰጣለን፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መዋጥም አይቻልም። ሥነ ጽሑፍና ታሪክ ወጣቱን ገና ከሚሠራው ጥፋት ያስጠነቅቁታል። ሽማግሌው ደግሞ አጥፍቶ የሚክሰው አለው፤ ከወጣቱ ይልቅ ለሱ የሚያስፈልጉትም ለዚህ ነው።

መንገድ ላይ እህትየዋን አላስቻላትም። «ይህንኑ አይደለም እንዴ ስነግርዎት የኖርኩት? የኔን ነገር ለመስማት ወፍጮኛ ያስፈልግ ነበር?»

«አንቺ እኔን ነው የወቀስሽው። እዚያ ግን የፈረድኩት እኔው ነኝ» አሉ ጋሼ። በሚቀጥለው ሳምንትም እንደሚመጡ ነገሯት፤ አሁን ግን የልጃቸውን ቤት እንድታሳያቸው ለመኗት።

ልጅቱ አባቷን ስታይ መጋዟን አስቀመጠች። እሳቸው ደፉን ሳይረግጡ ውጭ ቆሙ።

«ልከራከር አልመጣሁም» አሏት። «ግባ ካልሽኝ ልገባ ነው።»

ልጅቱ ሕፃኑን ከመሬት አነሣችና ሰጋቱራውን ከልብሱ አራግፋ አስታቀፈቻቸው።